ለኮምቦልቻዋ እህቴ፦ መርፌውን ተዪውና ፓፍሽን ያዢ

ከኮምቦልቻ የጻፍሽው እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አስም አለብኝ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጀርመን ያለችው እህቴ «እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የአለርጂ መርፌ ከተወጋች ልጇን አስም አይዘውም» አለችኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ልወጋ ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ከታች ደግሞ ስለምትስቢው የአስም መድኃኒትሽ፣ እንደ ቀላል ነገር «ለጊዜው ለልጁ ብዬ ፓፉን ትቼዋለሁ» የሚል አንድ መስመር ጨምረሻል። እስካሁን የመለሰልሽ ሰው ሁሉ ስለ መርፌው ነው ያወራው። እኔን ያስደነገጠችኝ ግን ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት።

የምኖረው ደሴ ነው። የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ፤ አስም ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የመጀመሪያዋን ልክ እንዳንቺ ፓፉን ትቼ ነው የወለድኳት። የማውቀውን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ፓፉን ስለመተው።

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ሁለት ፓፍ ነበረኝ። አንዱ ሲያፍነኝ የምስበው ሰማያዊው ሳልቡታሞል ነው፤ ሌላው ቢያፍነኝም ባያፍነኝም ጠዋትና ማታ የምስበው ቡናማው ቤክሎሜታሶን፤ እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ነው። በአምስተኛው ወር ቡናማው አለቀና ልገዛ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ የሠራተኛዋን ፊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ማዘዣውን አየች፣ ሆዴን አየች፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «እርጉዝ ሆነሽ ስቴሮይድ? ልጅሽን ልታሰናክዪ ነው?» አለችኝ። ልጠይቃት አፌን ስከፍት የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። መድኃኒቱን ሳልገዛ ወጣሁ። እኔ! ለተማሪዎቼ የሳንባን ሥዕል በጠመኔ ስስል የምውል ሰው፣ በአንዲት ሴት ግልምጫ መድኃኒቴን ጣልኩ።

ቤት ስደርስ አማቴ የሠራተኛዋን ቃል በደስታ ተቀበሉት። «ድሮስ ሰው በፓፍ ነበር እንዴ የሚወልደው?» አሉ። ያን ቀን ማንም አልተቃወማቸውም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልሆንኩም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቡናማው ፓፍ ዛሬ ቢተዉት ነገ አያፍንም፤ የአየር ቧንቧው ውስጥ ያለው እብጠት ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው። ሐኪሞች የሚሉትን በኋላ ሰማሁ፤ አስም ካለባቸው ነፍሰ ጡሮች ሲሶ ያህሉ በእርግዝና ይሻላቸዋል፣ ሲሶ ያህሉ ይብስባቸዋል፣ የቀሩት እንደነበሩ ይቆያሉ። የሚብስባቸው ደግሞ በአብዛኛው ከ24ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንቺ አሁን በሩ ላይ ቆመሻል ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ በ31ኛው ሳምንት ነው። ክረምት ነበር፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ደፍኖታል። ማታ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እጣኑ እየተጨመረ በረካ እስኪደርስ ቁጭ ብያለሁ። ሌሊት ስነቃ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ። ሰማያዊውን ፓፍ ስስበው ባዶ ነው፤ ያለቀውን እንኳ አላየሁም። ባለቤቴ ባጃጅ ፍለጋ ሲሮጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትከሻዬን እያነሳሁ የምቆጥረው የራሴን ትንፋሽ ነበር። ልጄ ሆዴ ውስጥ መንቀሳቀሷን አቁማ ነበር፤ ወይም እኔ ልሰማት አልቻልኩም።

ደረስን። ድንገተኛ ክፍል ያለው ወጣት «እርጉዝ ናት፣ ወደ እናቶች ክፍል ውሰዷት» አለ። እናቶች ክፍል ያለችው ደግሞ «ምጥ አይደለም፣ አስም ነው፣ ወደ ድንገተኛ መልሷት» አለች። ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ የድሮ ካርዴን ቁጥር ጠየቀኝ። ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ ቁጥር! ባለቤቴ በሕይወቱ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ሌሊት ጮኸ። ከዚያ በኋላ ነው ኦክስጅን የተሰካልኝ።

አሁን ልብ በይ። ያን ሌሊት ያዳነኝ በደም ሥሬ የገባው ስቴሮይድ ነው። ከፓፉ የሸሸሁት የስቴሮይድ መጠን በማይክሮ ግራም የሚቆጠር ነበር፤ ወደ ደም የሚገባውም ጥቂቱ ብቻ ነው። በአንድ ሌሊት የተሰጠኝ ግን በመቶ ሚሊ ግራሞች የሚቆጠር ነው። አንድ ሚሊ ግራም ሺህ ማይክሮ ግራም መሆኑን ደግሞ የማስተምረው እኔው ነኝ። ልጄ በ34ኛው ሳምንት ተወለደች፤ 1 ኪሎ ከ900 ግራም። ለሳምንታት ደረቴ ላይ አስሬ ነው ያሳደግኳት። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ ናት፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ ሲር ሲር ይላል። የእኔ ጥፋት ብቻ ነው አልልም፤ የእናት አስም በራሱ ለልጅ ያጋልጣል። ያለ ጊዜ መወለድም ያጋልጣል። ሁለተኛውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩላት።

ስለዚህ ፓፍሽን ያዘዘልሽን ሐኪም ነገ ጠዋት ደውለሽ አግኚ፤ ትቼው ነበር፣ ልመለስበት ነው በይ። ለነፍሰ ጡር ከሚታዘዙት የስቴሮይድ ፓፎች በብዛት የተጠናው ቡዴሶናይድ ነው፤ ቤክሎሜታሶንና ሳልቡታሞልም ለብዙ ዓመታት ተሞክረዋል። መድኃኒት ቤት ያለች ሴት ብትገላምጥሽ አንቺም ገላምጫት።

2. ስለ መርፌው።

እህትሽ አልዋሸችም። እኔም ሁለተኛውን ከማርገዜ በፊት ይኸንኑ አንብቤ ልቤ ቆሞ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በሙከራ እናት አይጥ ለሚያስቆጣት ነገር በትንሽ በትንሹ ሰውነቷ እንዲለምድ ትደረጋለች፣ አይ.ጂ.ጂ የሚባለው አንቲቦዲዋ (ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ፕሮቲን) ይበዛል። ይህ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁና በጡት ወተቷ በኩል ወደ ግልገሎቹ ያልፋል። አለርጂን የሚቀሰቅሰው አይ.ጂ.ኢ ግን በእንግዴ ልጁ በኩል እንደዚያ አያልፍም። ግልገሎቹ አድገው በዚያው ነገር ሲሞከሩ ሳንባቸው ብዙም አይቆጣም። የሚያምር ነገር ነው፤ ክፍል ውስጥ በደስታ አስተምረዋለሁ። ግን አይጥ ናት እህቴ፤ በሦስት ሳምንት ትወልዳለች፣ የታመመችውም በተመራማሪው እጅ ነው።

ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም። ሁለተኛውን ባረገዝኩ በአራተኛው ወር የጆሮ ወርቄን ሸጥኩ። ሆዴን ይዤ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ ያውም በጣርማ በር ጠመዝማዛ እያስመለሰኝ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። ለሁለት ቀን ወረፋ ጠበቅኩ። መዝጋቢዋ «ከክፍለ ሀገር ነው የመጣሽው? ታዲያ ቀድመሽ አትደውዪም?» አለችኝ። ደውዬ ያነሳ ሰው እንደሌለ ስነግራት ትከሻዋን ነቀነቀች። የወርቄ ዋጋ እዚያው በአልጋና በምግብ አለቀ።

ሐኪሙ ግን ደግ ሰው ነበሩ። የአለርጂ መርፌ አዲስ ነገር አይደለም አሉኝ፤ ለንደን ውስጥ ሊዮናርድ ኑን የተባለ ሐኪም በሣር ብናኝ የሞከረው በ1911 ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር። ችግሩ መርፌው ራሱ አንዳንዴ መላ ሰውነትን ማስቆጣቱ ነው፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ማሕፀን ይኮማተራል፣ ልጁ ኦክስጅን ያጣል። ስለዚህ በእርግዝና ጊዜ አይጀመርም፣ የጀመረችም ሴት መጠኑ አይጨመርላትም። ከማርገዟ በፊት የለመደችውና የተስማማት ከሆነ ብቻ በዚያው መጠን ልትቀጥል ትችላለች። ሙሉ ሕክምናው ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል። «ከወለድሽና ካጠባሽ በኋላ እናወራለን» ብለው ማዘዣ ወረቀት ሳቡ፤ የጻፉልኝ ያንኑ ፓፍ ነው። ደሴ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የተውኩትን!

ሳቄ መጣ፤ ከዚያም አለቀስኩ። እሳቸው ማልቀሴን አይተው አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ጥናቱን በኋላ ራሴም ፈልጌ አነበብኩት። አውስትራሊያ ውስጥ ኒውካስል ከተማ አስም ያለባቸውን 220 ነፍሰ ጡሮች ለሁለት ከፈሏቸው። የአንደኛው ቡድን መድኃኒት በስሜታቸው ማለትም በሳላቸውና በማፈኑ ተመዘነ። የሌላው ቡድን ግን በየወሩ በትንፋሻቸው ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ እየተለካ ተስተካከለ፤ ይህ ጋዝ የሳንባን እብጠት ያሳብቃል። የተሰጣቸው ያው ፓፍ ነው፤ ልዩነቱ ለሚያስፈልጋት ሴት፣ በሚያስፈልጋት መጠን መድረሱ ነው። ልጆቹ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ታዩ። በመጀመሪያው ቡድን ከ100 ልጆች 43 ያህሉ በሐኪም የተረጋገጠ አስም ነበራቸው፤ በሁለተኛው 26 ያህሉ። እህትሽ የምትፈልግልሽ ነገር ይኸው ነው። መለኪያው ወሎ ውስጥ የለም ብትዪ፣ በየወሩ ሐኪምሽ ዘንድ ሄደሽ «ሌሊት ስንት ቀን ነቃሁ፣ ሰማያዊውን ስንት ጊዜ ሳብኩ» ብለሽ ከነጻፍሽበት ደብተር ብትቀርቢ ብዙ መንገድ ነው። እኔ የተማሪ መልመጃ ደብተር ነበረኝ፤ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

3. ስለ ምግብና ስለ አማቶች።

የዓሣ ዘይት የሚሉሽም አይጠፉም። ዴንማርክ ውስጥ 736 ነፍሰ ጡሮች ተከፍለው ግማሾቹ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በቀን 2.4 ግራም የባሕር ዓሣ ዘይት በእንክብል ወሰዱ። ከልጆቻቸው 16.9 በመቶዎቹ፣ ካልወሰዱት እናቶች ልጆች ደግሞ 23.7 በመቶዎቹ የማይለቅ ሲርታ ወይም አስም ያዛቸው። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ባለቤቴን በየቅዳሜው ሐይቅ እየላክሁ ቆሮሶ አስመጣሁ። የሐይቁ ዓሣ ይጣፍጣል፣ ዘይቱ ግን እንደ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ አይደለም። ያን ሁሉ ቅዳሜ ለጥብስ ነው ያደከምኩት።

አማቴ ደግሞ የኩታበር ሰው ናቸው። «ከከብት ጋር ያደገ ልጅ አስም አያውቅም» ይላሉ። ስለ ፓፉ ተሳስተዋል፤ እዚህ ላይ ግን ልክ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ይህን ለሳቸው ለማመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጂማ ከተማና ዙሪያዋ ላይ የተደረገና በፈረንጆች 1997 የወጣ ጥናት አስም በከተሜው ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። አውሮፓም በእርግዝናቸው ጊዜ በረት ሲገቡ የነበሩ ገበሬ እናቶች ልጆች አለርጂ ይቀንስባቸዋል። ይህን ሰምተሽ ግን አንቺ አስመኛዋ በረት ልታድሪ አትሂጂ።

ስለ ጢስ ቁጥር አልሰጠውም፤ ከሁሉም ጋር የተያያዘ ነው። ወሎ ውስጥ «እጣኑን አውጡልኝ» ማለት ስድብ እንደሚመስል አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ «ያለ ጢስ ምን ቡና ነው» ብለው ለሁለት ሳምንት አኩርፈውኛል። በኋላ ማጨሻው በረንዳ ላይ ወጣ፣ እኔ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ፣ ቡናው ቀጠለ። ከወለድሽ በኋላ ወይባ ጢስ እናሙቅሽ የሚሉሽን ግን በቀጥታ እምቢ በይ። ሕፃኑን እንጀራ የሚጋገርበት ቤት አታስገቢ፤ አማትሽ ቢያኮርፉም አታስገቢ።

ሁለተኛው ልጄ በ39ኛው ሳምንት ተወለደ፤ 3 ኪሎ ከ200። ቡናማውን ፓፍ ምጥ እስኪይዘኝ ድረስ አልተውኩም፤ ሳጠባም ስቤዋለሁ። ዛሬ አምስት ዓመቱ ነው፤ የሐረጎን ዳገት በሩጫ እወጣዋለሁ እያለ ያሾፍብኛል፤ እስካሁን ደረቱ ሲር ብሎ አያውቅም። ልጅ ከልጅ ይለያል፤ ቢሆንም ያንን ደብተር ሳየው ደስ ይለኛል።

ሌላው ማንም ያልነገረሽ ነገር፦ ፓፉን አፍሽ ውስጥ ከተሽ ስትጫኚው አብዛኛው ጉሮሮሽ ላይ ይቀራል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ውሰጂ። በሳሙና እጠቢውና ሳትወለውዪው ራሱ ይድረቅ፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ሽቦ እንደ ፓፉ አፍ ቅርጽ አጥፊና ከሰል ላይ አግለሽ የጠርሙሱን ቂጥ ብሺው። ፓፉን በቀዳዳው አጥብቀሽ አስገቢ፣ የጠርሙሱን አንገት በከንፈርሽ ያዢ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኚና ቀስ እያልሽ አምስት ስድስት ጊዜ አየር ሳቢ፣ አስወጪ። ቡናማውን ከሳብሽ በኋላ አፍሽን ተጉመጥመጪ። ጠርሙሱ ቀዳዳው ዙሪያ አየር ካሳለፈ አይረባም። እኔ አንዱ እስኪሳካልኝ አራት ጠርሙስ አበላሽቻለሁ፤ ሽቦው በደንብ ሳይቀላ ነበር የምቸኩለው።