ሩዙን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉን ተወው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ፎገራ ላይ ወንዝ ዳር 2 ቃዳ (ግማሽ ሄክታር) ሩዝ አለኝ፣ በፓምፕ ነው የማጠጣው፣ ሩዝ ውሃ ይወዳል ስለሚባል ማሳው ባዶ እንዳይሆን ቀን ከሌት እለፋለሁ፣ ነዳጅ ጨረሰኝ፣ ምርቱ ግን ከ8 ኩንታል በቃዳ አላልፍ አለ፣ ውሃ ልጨምር ወይስ ማዳበሪያ?» ነው ያልከው። ከሁለቱም አትጨምር። ያለህን ውሃ ሩዙ በሚፈልገው ሰዓት ስጠው። ያ ሰዓት ደግሞ አጭር ነው።

እኔም ጉማራ ወንዝ አጠገብ 3 ቃዳ አርሳለሁ። ለዓመታት ያደረግኩት አንተ የምታደርገውን ነው። ውሃው ከእግሬ ቁርጭምጭሚት ዝቅ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁን ባለፉት አራት ዓመታት ከ12 እስከ 13 ኩንታል በቃዳ አገኛለሁ፤ ፓምፑ የሚሠራው ግን ድሮ ከሚሠራው ግማሽ ቢሆን ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ይሄ ሩዝ ውሃ ይወዳል የሚባለው ነገር። እኛ አገር ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና እና ሻጋ ላይ በነበሩት የገበሬ ማኅበራት አስጀመሩት። ኤክስ ጅግና የምንለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ሜዳችን በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ይጥለቀለቃል፣ ሌላው ሰብል ይበሰብሳል፣ ሩዙ ግን ቆሞ ቀረ። ሰዉ ይህን አይቶ ሩዝ ውሃ ውስጥ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። ውሃ መቻልና ውሃ መፈለግ ግን አንድ አይደሉም። ሩዝ በግንዱ ውስጥ አየር ወደ ሥሩ የሚያወርድበት ቀዳዳ ስላለው ነው ጎርፉን የሚችለው። ማሳው ላይ የሚተኛው ውሃ ዋና ጥቅሙ አረሙን ማፈን ነው። ለሩዙ ለራሱ ሥሩ ያለበት አፈር እርጥብ ከሆነ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ማሳህ እንምጣ። ከምንም በፊት የምጠይቅህ መሬትህ ተደልድሏል ወይ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስተካክል ነዳጅህ በግልጽ ይቀንሳል። ሒሳቡን እናድርገው። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በላዩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ለማስተኛት 125 ሜትር ኪዩብ ያስፈልጋል። በእኔ ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ይሄ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አሁን የማሳህ ግማሹ ከሌላው ግማሽ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው እንበል፤ ይሄ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። ከፍ ያለው ላይ 5 ሳንቲ እንዲደርስ ዝቅ ያለው ላይ 15 ማጠራቀም አለብህ። ውሃው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አራት ሰዓት የነበረው ስምንት ሆነ። ከዚያም በላይ ከፍ ያለው ቦታ አረም ይውጠዋል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ችግኙ ሰምጦ ይቀጭጫል፣ ዩሪያውም እዚያው ይከማቻል።

መደልደሉ ማሽን አይጠይቅም። ማሳው ላይ ትንሽ ውሃ ልቀቅበት፣ ውሃው ራሱ ከፍታውን ያሳይሃል፤ ብቅ ያለውን ቦታ በአካፋ እያነሳህ ወደ ጎድጓዳው ጣለው፣ ከዚያ በሬዎቹ ሰፊ ሳንቃ እየጎተቱ ጭቃውን ያስተካክሉት። መሬቱ ተዳፋት ካለው በአንድ ትልቅ ማሳ አትታገል፣ ከፋፍለህ ክትሩን፣ ማለትም ውሃውን የሚይዘውን የማሳ ዳር የአፈር ግድብ፣ አብዛው። ክትሩንም ዙረህ እየው። አይጥ የቆፈረው አንድ ቀዳዳ ሌሊቱን ሙሉ ያፈሰውን ውሃ ጠዋት ስታይ ሩዙ የጠጣው ይመስልሃል። እኔ አሁን ከመትከሌ በፊት ክትሩን በውስጥ በኩል በጭቃ እለስነዋለሁ።

ቀጥሎ ውሃ መቼ እንደምትለቅ የሚነግርህ ነገር ያስፈልግሃል። ዓይን ይዋሻል። ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያስፋፋው ቀላል ዘዴ አለ፤ ማጠጣት፣ እንዲሸሽ መተው፣ እንደገና ማጠጣት ነው። በደንብ ከተያዘ ምርት ሳይቀንስ እስከ 30 በመቶ ውሃ ያተርፋል ይላሉ፤ እኔ ጋ የቀነሰው ነዳጅም ከዚያ አይርቅም፣ የቀረው የመደልደሉ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ውሰድ። ከሌለህ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ላይና ታቹን ቆርጠህ መጠቀም ትችላለህ፣ እኔ የጀመርኩት በዚያ ነው። የታችኛውን ግማሽ ዙሪያውን በጋለ ሚስማር ብሳው። የተበሳው 15 ሳንቲ መሬት ውስጥ እንዲገባ፣ ሌላው ከላይ እንዲቀር አድርገህ ቅበረውና ውስጡ የገባውን አፈር አውጣ። ውሃው ከአፈሩ በላይ ሲጠፋ አትደንግጥ፤ ቧንቧው ውስጥ እየወረደ ታየዋለህ። ከአፈሩ ፊት 15 ሳንቲ ወርዶ ስታገኘው ያን ጊዜ ፓምፑን አስነሳና 5 ሳንቲ አስተኛ። ከዚያ በፊት አትንካው። ቧንቧውን ክትሩ ጥግ ሳይሆን ማሳውን በሚወክል ቦታ፣ ግን በቀላሉ በምትደርስበት ቅበረው።

ይህን የምትጀምረው ችግኙን ወደ ማሳው ካዛመትክ ከ10 ቀን በኋላ፣ ችግኙ ሥር ሲይዝ ነው። አረም ከበዛብህ ሌላ አንድ ሳምንት ጨምር።

እዚህ ላይ ግን ለእኛ አፈር የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ማንም ስላልነገረኝ በራሴ ከስሬ ነው የተማርኩት። መሬታችን ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ከሆነ ቀጥሎ የምትለቀው ውሃ ማሳው ላይ ሊተኛ አይችልም፣ በስንጥቁ ወደ ታች ይገባና ይጠፋል። በመጀመሪያው ዓመት ቧንቧውን ብቻ እያየሁ ማሳውን ሳላይ ቆየሁና ለአንድ ቃዳ ስምንት ሰዓት አጠጥቼ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ቀረ። እና ጥቁር አፈር ላይ ቧንቧው 15 ሳንቲ ባይደርስም ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ መታየት ሲጀምር አጠጣ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ 10 ላይ ነው የማጠጣው። መሬቱን ከመትከልህ በፊት በደንብ አቡክተኸው ከሆነ ውሃ የሚያሰርገው ትንሽ ነውና ከስንጥቅ እስከጠበቅከው ድረስ ውሃው ይቆይልሃል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄ ሁሉ ብዙም አይሠራም፣ ሰማዩ ነው የሚያጠጣው። ያን ጊዜ ሥራህ ማፍሰስ ነው። ፓምፕህ የሚያስፈልግህ ሰኔ ላይ ዝናቡ እስኪጠነክር፣ ከዚያ ደግሞ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲሸሽ ነው። ዋናውም ይሄ የመጨረሻው ነው።

ዛላው ከመውጣቱ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ አበባው ካለፈ አንድ ሳምንት በኋላ ድረስ ማድረቅ የለም። ቧንቧውን እርሳው። 5 ሳንቲ ውሃ ሁልጊዜ ይኑርበት። በዚህ ጊዜ ሩዝ ከተጠማ አበባው ይመክናል፣ ዛላው ነጭ ሆኖ ይቆማል፣ ውስጡ ገለባ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም መስከረም ላይ ፓምፔ ተበላሸ። ዕቃ ፍለጋ ባህር ዳር ተመላለስኩ፣ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ሩዙ ከርቀት ሲታይ ያማረ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ዘንድሮ ታተርፋለህ ይሉኝ ነበር። ስንወቃው ከሁለት ቃዳ 9 ኩንታል ብቻ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ያፈሰስኩት ውሃ ያን ዘጠኝ ቀን ሊመልስልኝ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን ላይ ፓምፑን ፈትቼ አጸዳለሁ፣ ለእነዚያ ሁለት ሦስት ሳምንታት የሚሆን ነዳጅ ሰኔ ላይ ያተረፍኩትን አስቀምጣለሁ። አንተም ሰኔና ሐምሌ ላይ የምታቃጥለውን ነዳጅ ወደዚህ አዙረው፤ 8 ኩንታል ላይ የያዘህ ነገር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ባለፈው ስትወቃ ገለባው በዝቶ ነበር ወይ? ነፋስ ላይ ስትበትነው ብዙው ከሄደ ምክንያቱ ይሄ ወይም ብርድ ነው።

ብርዱን ላንሳልህ፣ ምክንያቱም በበጋ ልዝራ ወይ ብለህ ጠይቀህ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ውሃ ነበረኝ፣ ቅጠሉም አማረ፣ ጥር ላይ ሆዱ አብጦ ዛላ ሊያወጣ ሲል የሌሊቱ ብርድ መታውና ከብት በላው። የእኛ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ለሩዝ ደጋ ማለት ነው። ዛላው ሊወጣ 10 ወይም 12 ቀን ሲቀረው ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፍሬው ባዶ ይሆናል። ክረምት ላይ ዘግይቶ የተተከለም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይህ ይገጥመዋል። ጃፓኖች በዚያ ሰሞን ብርድ ሲመጣ ውሃውን ወደ 20 ሳንቲ ያሳድጉታል፤ ጥልቅ ውሃ ሙቀት ይዞ ያድራል፣ ያልወጣውን ዛላ ይሸፍነዋል። ጥልቅ ውሃ አስፈላጊ ነው የምልህ በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። በጋውን ለሽንኩርት ብታደርገው ይሻልሃል፣ ጉማራም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይሳሳል፣ ከታች ያሉት ሰዎችም ውሃ ይፈልጋሉ።

መዝራቱን በተመለከተ፣ በብተና ነው የምትዘራው? እኔ በብተና በቃዳ ከ30 ኪሎ በላይ እበትን ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ መደብ አዘጋጅቼ ሳዛምት 12 ኪሎ በቃኝ። መደቡ ትንሽ ቦታ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት የምታጠጣው እሱን ብቻ ነው፤ ይሄ ራሱ ትልቅ ቁጠባ ነው። ዘሩን በጨው ውሃ ምረጠው። ትኩስ እንቁላል ጣልበትና እስኪንሳፈፍ ጨው ጨምር፣ ከዚያ ዘሩን ጨምረህ የተንሳፈፈውን አውጣና የሰመጠውን በንጹሕ ውሃ እጠበው። ችግኙ 3 ሳምንት ሳይሞላው፣ ሁለት ሁለት አድርገህ፣ በሲባጎ መስመር 20 በ20 ሳንቲ ትከለው። ችግኙ ካረጀ በኋላ ብታዛምተው ቀንበጥ አያወጣም፣ አንድ ግንድ ይዞ ይቀራል። ሰው ከሌለህ ወንፈል ግባ፤ እሱም ካልሆነ በመስመር ዝራው፣ አረሙን በቀላሉ ታገኘዋለህ። ማዛመቱ ወገብ ይቆርጣል፣ አልዋሽህም።

ማዳበሪያውን እንዳትጨምር ያልኩህ የምታጠፋው ስለሚበዛ ነው። ዩሪያ በቆመ ውሃ ላይ ስትበትነው ብዙው ወደ አየር ይሄዳል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃ ሲሆን በትን፣ በማግስቱ ውሃ ልቀቅበትና ወደ ሥሩ ያስገባው። ማጠጣትና ማድረቁ ለዚህም ያመቻል፣ ፓምፕ ልታስነሳ ያሰብክበትን ቀን ጠብቀህ ከሱ በፊት ትበትናለህ። 50 ኪሎ ካለህ ሦስት ቦታ ክፈለው፤ አንዱን ችግኙ ሥር እንደያዘ፣ አንዱን ቀንበጥ ሲያበዛ፣ የመጨረሻውን ዛላው ገና ሲፈጠር። የመጨረሻውን ለማወቅ አንድ ግንድ ነቅለህ በምላጭ ከሥሩ ሰንጥቀው። ከታች ጫፏ ነጭ፣ ጸጉራም፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ነገር ካየህ ሰዓቱ ነው።

አረሙን አትናቅ። ውሃ ስትቀንስ እንግጫውና ሣሩ ይጨምራል፣ እውነቱን ልንገርህ። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ውስጥ ሁለቴ ካረምክ በኋላ ሩዙ ራሱ ያጠላበታል። አንድ ጊዜ ብቻ አርሜ ያለፍኩበት ዓመት ነበረኝ፤ ያተረፍኩትን ነዳጅ አረሙ በላው።

ዝርያውን በተመለከተ ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ሄደህ ጠይቅ፣ ሻጋ የሚባለውን ዝርያ ብዙ ሰው ወዶታል፣ እኔም ግማሹን ማሳ በሱ ነው የምዘራው። ግን ዝርያ ቀይረህ መሬቱን ሳትደለድል ብትተው ያው ነህ።

ለማጨድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ውሃውን ጨርሰህ አፍስስ። ፍሬው እኩል ይበስላል፣ አጫጁም ጭቃ ውስጥ አይገባም። አፈሩ ገና እርጥብ እያለ ከሩዙ ሥር ጓያ ወይም ሽምብራ ብትበትን ያለ አንድ ጠብታ ተጨማሪ ውሃ ሁለተኛ ምርት ታገኛለህ። መጀመሪያ ግን ክትሩንና መደልደሉን ጨርስ። ቧንቧውን የቀበርክ ዕለት ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ልኬት በየቀኑ እየጻፍክ ላክልኝ፤ ውሃው በቀን ስንት ሳንቲ እንደሚወርድ ካየሁ አፈርህ ምን ያህል እንደሚያፈስ፣ በስንት ቀንህ ማጠጣት እንዳለብህ አብረን እናወጣዋለን።