ጨው በመዳፌ እልሳለሁ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ መጨለም ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ቅዳሴ ላይ ግድግዳ ካልተደገፍኩ መቆም አቅቶኛል። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ጊዮርጊስ ያለውን ዳገት ድሮ ሳላርፍ ነበር የምወጣው፤ አሁን ሁለቴ እቆማለሁ። ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ። ሰው ሁሉ «ጠቆርሽ» ይለኛል፤ ማድያት መስሎኝ ቅባት ገዛሁ። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ጨው ነው። ወጡ ላይ ጨምሬ አልረካ ስል በመዳፌ ይዤ እልሳለሁ።

የሄድኩበት ክሊኒክ «ግፊትሽ 90/60 ነው፣ ውሃ አብዝተሽ ጠጪ» ብሎ ሸኘኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ያሠራሁት የደም ምርመራ ሶዲየም 129፣ ፖታሺየም 5.8 ይላል። ለጉልበት ብዬ በቀን ሦስት ሙዝ እበላለሁ። ነርስ የሆነች ጎረቤቴ «አልዶስትሮን የሚባል ሆርሞን አንሶሽ ይሆናል» አለችኝ። ሐኪም ፊት ስቀርብ ምን ልበል?

ወ. ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣

ጨው መላስሽን አትፈሪበት፤ ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሪው እሱን ነው። አልዶስትሮንን የሚሠሩት ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትናንሽ አድሬናል ዕጢዎች ናቸው። ሥራው ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስቀርና ፖታሺየምን እንዲያስወጣ ማዘዝ ነው። ሲያንስ ጨው ከውሃ ጋር በሽንት ይወጣል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሰውነትም የጠፋበትን ጨው ይለምናል። ፖታሺየም ደግሞ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጡንቻ ያዝላል፣ ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል። የተለመደው ልክ ሶዲየም ከ135 እስከ 145፣ ፖታሺየም ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። ያንቺ ሁለቱም ከልክ ወጥተዋል። ናሙናው በአወሳሰድ ተበላሽቶ ፖታሺየሙን ከፍ አድርጎት ሊሆን ስለሚችል ይደገም። ሙዙን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው፤ ፖታሺየም ይጨምርብሻል። ጨው እያነሰሽ ውሃ ብቻ ማብዛትም ሶዲየሙን ይብስ ያቀጥነዋል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ መጥቆርሽ ነው። አልዶስትሮን ብቻውን ሲያንስ ቆዳ አይጠቁርም። የሚጠቁረው ዕጢዎቹ ራሳቸው ተጎድተው ኮርቲሶል የሚባለው ሌላው ሆርሞናቸውም አብሮ ሲጠፋ ነው፤ አዲሰን የሚባለው በሽታ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን በ1855 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጽፍበት፣ ዕጢዎቻቸውን ሳንባ ነቀርሳ የበላባቸው ሕሙማን ነበሩበት። እኛ አገር ይህ ዛሬም አይዘነጋም። ስለዚህ ድሮም ቢሆን የቲቢ መድኃኒት ወስደሽ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንደነበረ ሳትጠየቂ ተናገሪ። የመዳፍሽን መስመሮች፣ የጣቶችሽን መገጣጠሚያ፣ የአዳዲስ ጠባሳዎችሽን ቀለም አሳዪው። ድድሽን ተነቅሰሽ ከሆነም ንገሪው፤ እዚያ የሚፈለገውን ጥቁረት ንቅሳቱ ይሸፍነዋል።

የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች እሽጋቸውን ይዘሽ ሂጂ። ኢናላፕሪል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ለወገብ የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ኮትሪሞክሳዞልም ፖታሺየም ያስነሳሉ። ስኳር ካለብሽም ይታወቅ፤ ስኳር ኩላሊትን ሲጎዳ አልዶስትሮን ሊያንስ ይችላል። ግፊትሽ ተኝተሽ ከዚያም ቆመሽ እስከ 3 ደቂቃ ይለካ፤ የላይኛው በ20 ከወረደ ማዞርሽ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ኮርቲሶል ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ በሚወሰድ ደም ይታያል፤ አልዶስትሮንና እሱን የሚቀሰቅሰው የኩላሊት ሬኒን አብረው ይለካሉ። ከዚያ በፊት ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን ገዝተሽ አትዋጪ፤ ኮርቲሶልን የሚመስል መድኃኒት ስለሆነ ውጤቱን ያደናግራል። በሽታው ከተረጋገጠ የጎደለው ሆርሞን በኪኒን ይተካል፣ ብዙዎችም ሥራቸው ላይ ይመለሳሉ።

ጾም ላይ ከሆንሽ እስክትመረመሪ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት አሁን ላንቺ አይሆንም። በነዚህ ቁጥሮች ሌላ ሳምንት አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ሂጂ። ማታውን ማስታወክ፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ራስ መሳት ከመጣብሽ ግን ነገን ሳትዪ ሰው ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ፤ የላቦራቶሪ ወረቀቱንም እንዳትረሺ።