ለሃምሳ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ኅብረተሰብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከክፍል ሲወጡ የሚሮጡት ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ርዕሰ መምህራችን ይህን ፍቅራቸውን ለትምህርት እንድንጠቀምበት አስበው፣ ለየፈተናው ነጥብና «ሌቭል» የሚለጠፍበት ሰሌዳ እንድናዘጋጅ ሐሳብ አቅርበዋል። ለሃምሳ ተማሪ ያለን አንድ ኮምፒውተር ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ያዋጣል ትላላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሰሌዳው ይቅርብዎ። ነጥብና ደረጃማ ጌም ሳይፈጠር በፊት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ሰርተፍኬት ላይ «ከክፍሉ 34ኛ» የሚል ያነበበ ልጅ ያውቀዋል። ልጁን ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያስቀምጠው፣ የወሰነው ነገር ውጤቱን ወዲያው ስለሚያሳየውና ሲሸነፍም ማንም ሳይቆጣው እንደገና መጀመር ስለሚችል ነው። ወደ ክፍል መግባት ያለበትም ይኸው ነው።

የኮምፒውተሩ ማነስ አያስጨንቅዎ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ዶን ራዊች የተባለ ተለማማጅ የታሪክ መምህር በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በበሬ ጋሪ ወደ ምዕራብ ስለተሰደዱ ቤተሰቦች ሊያስተምር በካርታ ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ሲያዘጋጅ፣ አብረውት የሚኖሩ ሁለት ተለማማጅ የሒሳብ መምህራን ሐሳቡን ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ለወጡለት። «ኦሬገን ትሬይል» የተባለው ዝነኛ ጌም እንዲህ ተወለደ። መሣሪያው ስክሪን እንኳ አልነበረውም፤ በስልክ መስመር ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የተገናኘ፣ መልሱን በወረቀት የሚያትም የጽሕፈት መኪና ነበር። ተማሪዎቹ ተሰብስበው ለበሬ፣ ለስንቅና ለጥይት ስንት ብር እንደሚያወጡ ይመክራሉ፤ አደን ሲወጡም «ባንግ» ብለው ይጽፋሉ።

እርስዎ ግን የአሜሪካውን ጋሪ መቅዳት አያስፈልግዎትም፤ ሲራራ ነጋዴ አለልዎት። ክፍሉን በአምስት በአምስት ይክፈሉትና እያንዳንዱ ቡድን በ19ኛው መቶ ዘመን ቡናና ዝባድ ጭኖ ከጎንደር በዐድዋ በኩል ወደ ምፅዋ ይውረድ። አንዱ ሒሳብ ይያዝ፣ ሌላው በቅሎዎቹን ይቁጠር፣ ሌላው ካርታውን ያንብብ። ስንት በቅሎ ይገዛሉ? ኬላ ላይ ቀረጥ ሲጠየቁ ይከፍላሉ ወይስ ይዞራሉ? ሰኔ የተነሣው ቡድን ተከዜ ሞልቶ ያገኘዋል፤ የቆመበት ቀን ሁሉ ስንቁን ይበላል። ኮምፒውተሩ የየቡድኑን ብርና ስንቅ በኤክሴል ያሳይ፤ መብራት ከጠፋ ጥቁር ሰሌዳና የተጠቀለለ የወረቀት ዕጣ ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የጨዋታውን ውጤት በማርክ አይቁጠሩት፤ ማርክ የሚቆረጥበት ልጅ ደፍሮ አይሞክርምና። ደግሞም ፕሌይስቴሽን ቤት የማይሄዱ ልጆች አሉ፤ የማይናገሩትን ሴት ልጆች ጎበዝ ተጫዋቾቹ እንዳይሸፍኗቸው የሥራ ድርሻው በየዙሩ ይቀያየር።

አንድ ክፍለ ጊዜ ይጫወቱ፤ በማግሥቱ ተከዜ ላይ የቀሩት ለምን እንደቀሩ በክረምቱ ካርታ ላይ ያስረዱ፤ ከዚያም ያው ቡድን ከጎንደር እንደገና ይነሣ። ማርክ መስጠት ግዴታ ከሆነብዎ፣ ሁለቱን ጉዞ ያነጻጸሩበትን የሒሳብ መዝገብ ያርሙላቸው።