ናይትነትን ዛሬ የምንመኘው ለምንድን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ናይቶች፣ ማለትም በቃለ መሐላ ስለሚያገለግሉ ባለማዕረግ ፈረሰኛ ተዋጊዎች፣ ምግባር ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ታሪክ ሳይሆን ስለ ጸሐፊዎቻቸው ሕይወት ነው። በዚህ ዘመን ናይት መሆን የሚመኝ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ምኞቱስ ያስመሰግናል ወይስ ያሳፍራል? ከደብዳቤዎቹ ስድስቱን አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የ34 ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ናይቶች ሳነብ ኖሬአለሁ። አሁን የሰይፍ ጥበብ መማርና በቃለ መሐላ መኖር እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹ክብር ፍለጋ ነው› ይሉኛል። ክብር መፈለግ ነውር ነው?»

ነውር አይደለም። ናይትነት ከጥንቱም ክብር ፈላጊዎች የሚገቡበት መንገድ ነበር። ዊልያም ማርሻልን ይመልከቱ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሲወለድ ታናሽ ልጅ በመሆኑ የአባቱ ርስት አይደርሰውም ነበር። ስምና ሀብት ያፈራው በፈረሰኞች ግጥሚያ ሲሆን፣ የተሸናፊውን ፈረስና የጦር ዕቃ ወይም ቤዛውን ይወስድ ነበር። ሲጀምር የነበረው ምክንያት ይኸው ነው፤ ገንዘብና ዝና።

በ1189 ግን አሮጌውን ንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊን ብዙዎቹ ባለሟሎች ሲከዱት ማርሻል አልከዳም። የገዛ አባቱን የሚያሳድደው ልዑል ሪቻርድ ፊቱ ሲደርስ፣ መግደል እየቻለ ጦሩን በልዑሉ ፈረስ ላይ ሰክቶ ልዑሉን አተረፈው። ሪቻርድ ብዙም ሳይቆይ ሲነግሥ ያን ሰው አልተበቀለውም፤ እንዲያውም አከበረው። በ1216 ደግሞ ዙፋኑ ለዘጠኝ ዓመት ሕፃን ሲተርፍ፣ ሰባ ዓመት ገደማ የሆነው ማርሻል እንደራሴ ሆኖ መንግሥቱን እንዲጠብቅ ተመረጠ። በዝና ፍለጋ የጀመረ ሰው ሌሎች ልጃቸውን በአደራ የሚሰጡት ሰው ሆኖ ጨረሰ ማለት ነው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ናይትነት የጻፈው ፈረንሳዊው ናይት ጆፍሯ ደ ሻርኒም ክብር ፈላጊውን አልገሠጸም። ለግጥሚያ የሚወጣውንም፣ ሩቅ አገር የሚዘምተውንም እያመሰገነ፣ የበለጠ የሠራ የበለጠ ዋጋ አለው እያለ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ቤተሰቦችዎ ክብር ትፈልጋለህ ሲሉዎት «አዎን» ይበሉ፤ በማን ዘንድ መከበር እንደሚፈልጉ ግን ለራስዎ በሚገባ ይመልሱ። በሚሠሩበት ቢሮ ከእርስዎ በታች ያለው ሠራተኛ ቢያከብርዎ ይበቃዎታል? መልሱ «አይበቃኝም» ከሆነ ሰይፉን ከመግዛትዎ በፊት ቢያስቡበት ይሻላል።

«በኢንተርኔት የቴምፕላር ናይትነትን ከነምስክር ወረቀቱ የሚሸጡ አሉ። ልግዛ?»

አይግዙ። በመስቀል ጦርነት ዘመን የነበረውን የቴምፕላር መነኮሳት ናይቶች ማኅበር የሮማው ጳጳስ ክሌመንት አምስተኛ በ1312 አፍርሰውታል፤ ዛሬ በስሙ የሚጠሩ ማኅበራት ከዚያ የወረሱት ሥልጣን የለም። በብሪታንያ ማዕረግ መሸጥ ከ1925 ጀምሮ በሕግ ያስቀጣል። እውነተኛውን የብሪታንያ የናይትነት ማዕረግ ለማግኘት ሌላ ሰው ይጠቁምዎታል፣ ሥራዎ ይመረመራል፣ ሂደቱም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ክፍያ የለውም፤ ራስን መጠቆምም አይቻልም። የውጭ አገር ዜጋ ቢያገኘው እንኳ የክብር ብቻ ስለሆነ «ሰር» ተብሎ አይጠራም። በገንዘብ የሚገኘው ወረቀት የሚጎድለው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ለዓመታት ሥራዎን አይቶ «ይገባዋል» ያለልዎ ሰው የለም።

«ናይቶች መንደር ያቃጠሉ፣ ገበሬ የዘረፉ ሰዎች ነበሩ። እንዴት ለዛሬ ሰው ምሳሌ ይሆናሉ?»

ያሉት እውነት ነው፤ ላለዝበውም አልፈልግም። በ1099 ኢየሩሳሌምን የያዙት የመስቀል ጦረኞች የከተማዋን ሕዝብ ፈጁ። «ጥቁሩ ልዑል» የሚባለው የእንግሊዙ ኤድዋርድ በ1355 ከቦርዶ ተነሥቶ እስከ ናርቦን ድረስ ያገኘውን መንደር እያቃጠለ ዘመተ። በዓመቱ ይኸው ሰው በፑዋትዬ ጦርነት የፈረንሳዩን ንጉሥ ማረከ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ፍሯሳር እንደሚተርከው፣ በዚያች ምሽት ከምርኮኛው ጋር ለመቀመጥ እንደማይበቃ ተናግሮ ቆሞ አስተናገደው። ለንጉሥ ይህን ያህል ትሕትና ያሳየ ሰው ቤቱ ለተቃጠለበት ገበሬ አንዳች አልራራም። የናይቶች ምግባር ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር፤ ለእኩዮቻቸው ብቻ ነበር ጨዋዎች።

ነገር ግን ምግባሩ ለምን እንዳስፈለገም አብረን እንይ። በ989 በፈረንሳይ ሻሩ በተባለ ቦታ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የገበሬንና የድሃን በሬ፣ ላም፣ አህያና ፍየል የሚዘርፍ እንዲወገዝ ወሰኑ። እንስሳቱ በስም መዘርዘራቸው ዝርፊያው የየዕለት ነገር እንደነበር ያሳያል። ፈረስና ብረት የያዘውን ሰው የሚገታ ሌላ ኃይል ባልነበረበት ዘመን፣ ከራሱ ኅሊና ልጓም ሊያበጁለት ሞከሩ። ብዙ ጊዜ አልተሳካላቸውም። እኔ ከናይቶች የምወርሰው ያንን ሙከራ ነው እንጂ ዘመኑን አይደለም። ሰው ከሰው በትውልድ የሚበልጥበትን ዘመን ናፍቆ ናይት መሆን የሚፈልግ ካለ እባክዎ ይተወው እላለሁ። በእጁ ያለው ሥልጣን፣ ጉልበት ወይም ገንዘብ የሚያስፈራው ሰው ግን ከዚህ ታሪክ ብዙ ይማራል።

«ሴት ነኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለኝ ቦታ የምትጠበቅ እመቤት መሆን ብቻ ነው?»

አይደለም። በፈረንሳይ የኖረችው ጸሐፊ ክሪስቲን ደ ፒዛን በ1410 ገደማ ስለ ጦርነትና ስለ ናይትነት ሕግ መጽሐፍ ጽፋለች፤ ወንዶቹ ተዋጊዎችም አንብበውታል። በ1348 ገደማ የተመሠረተው ጋርተር የተባለው የእንግሊዝ የናይቶች ማኅበር ከ1987 ጀምሮ ሴቶችን በሙሉ አባልነት ይቀበላል። በሰይፍ ትምህርት ክበቦችም ሴቶችና ወንዶች አብረው ይሠለጥናሉ። የመሐላውን ቃል እርስዎ ለሌላው ይገባሉ፤ ሌላው ብቻ ለእርስዎ የሚገባው አይደለም።

«ቃሌን የማልጠብቅ ሰው ነኝ። የጀመርኩትን አልጨርስም፤ ስሳሳት ሰበብ እደረድራለሁ። ናይትነት የሳበኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሊለውጠኝ ይችላል?»

ከደረሱኝ ምክንያቶች ሁሉ ይህን በጣም አከበርኩት። በ1966 በካሊፎርኒያ የተመሠረተ ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም የተባለ ማኅበር አለ። አባላቱ ጥሩርና የራስ ቁር አድርገው፣ ራታን ከተባለ ጠንካራ ዘንግ በተሠራ ሰይፍ ይጋጠማሉ። በሜዳው ለደኅንነት የሚቆሙ ሰዎች አሉ፤ ምቱ መግባቱን የሚፈርደው ግን ተመቺው ራሱ ነው። እግሩን ከተመታ ተንበርክኮ ይዋጋል። ክንዱን ከተመታ በዚያ ክንድ መዋጋት ያቆማል። ጭንቅላቱን በደንብ ከተመታ «በቂ ነው» ብሎ ይወድቃል። ላብ ዓይኑን እየጋረደው፣ ማሸነፍ እያማረው፣ ማንም ሳያስገድደው ይወድቃል። ምት የሚክድ ሰው ወሬው ቶሎ ይሰማል። ንጉሥ ወይም ንግሥት ተብሎ የሚሰየመው አባል ናይት የሚያደርገውም ቀድመው ናይት የሆኑትን ምክር ሰምቶ ነው፤ ብዙዎች ከዚያ የሚደርሱት ለዓመታት በጋሻ ጃግሬነት አገልግለው ነው።

ሰበብ ለሚደረድር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። በቅርብዎ እንዲህ ያለ ክበብ ባይኖር አንድ ግዴታ ይምረጡ፤ አንድ ብቻ። የታመመ ዘመድ በየሳምንቱ መጠየቅ ሊሆን ይችላል። ግዴታዎን ለማያባብልዎ ሰው ይንገሩት፤ ያጓደሉ ቀን ሳይጠይቅዎ ቀድመው «ዛሬ አልሄድኩም» ይበሉት። ምክንያቱን አይጨምሩበት።

«ዕድሜዬ 52 ነው። የሰይፉና የጥሩሩ ክብደት አይገድለኝም?»

በመካከለኛው ዘመን ለጦርነት የሚያዝ ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይበልጥም ነበር። ሙሉ የብረት ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቢመዝንም ክብደቱ በመላ ሰውነት ላይ ይከፋፈላል፤ የለመደው ሰው ሮጦ ፈረስ ላይ ይወጣበታል። ለማንኛውም ሐኪም ያማክሩ፤ ስለ ጉልበትዎና ስለ ትከሻዎ በግልጽ ይንገሩት። መጀመሪያ የሚማሩት አረማመድ ነው፤ ለዚያ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መለማመጃ ሰይፍ ይበቃል፣ ብዙ ክበቦችም ለጀማሪ ያውሳሉ። ጥሩሩን ከሁሉም በኋላ ይግዙ፤ አሠልጣኝዎ መጠኑን አይቶ ሳይመክርዎ ገንዘብ አያውጡ።