እሳቱ ለምን የተለጠፈ ይመስላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለአጭር ፊልም አንድ ትዕይንት ግሪን ስክሪን (አረንጓዴ መጋረጃ) ፊት ቀረጽን። ተዋናይዋ ለሚቃጠል ቤት ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች መምሰል አለባት። አረንጓዴውን ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ አልትራ ኪይ በሚለው ኤፌክት አወጣሁት፤ ግን ፀጉሯ ዙሪያ አረንጓዴ ቀረ። እሱን ለማጥፋት ስታገል ፀጉሯ ተበላ። ከኋላ የጨመርኩት እሳትም የተለጠፈ ይመስላል። ሶፍትዌር ልቀይር እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም። ሁለት ምስል ስናገናኝ ተመልካች የሚነቃብን ጠርዙና ብርሃኑ ላይ ነው። ሥራሽ እዚያ ላይ ይሁን።

ከፀጉሩ እንጀምር። አልትራ ኪይ ላይ «አውትፑት» የሚለውን ወደ «አልፋ ቻናል» ቀይሪው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆንልሻል። ነጩ የሚቀረው ነው፣ ጥቁሩ የሚጠፋው። ፊቷና ልብሷ ድፍን ነጭ፣ መጋረጃው ድፍን ጥቁር መሆን አለበት። የፀጉሯ ዳር ግን ግራጫ ሆኖ ይቅር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ግራጫውን እንደ ቆሻሻ ያየውና ጠርዙን ወደ ውስጥ የሚበላውን «ቾክ»ን እየጨመረ ጠርጎ ያጠፋዋል። ግራጫው እኮ ራሱ ፀጉሩ ነው! ቀጭን ስለሆነ ከኋላው ያለውን በከፊል ያሳልፋል። እሱ ከጠፋ ጭንቅላቷ በመቀስ ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል።

ታዲያ አረንጓዴው በምን ይውጣ? እሱ ከመጋረጃው ነጥሮ ፀጉሯና ትከሻዋ ላይ ያረፈ ብርሃን ነው፤ ስፒል ይሉታል። የሚፈልገው መቁረጥ ሳይሆን ቀለሙን ማረም ነው። «ስፒል ሰፕረሽን» የሚለው ክፍል ለዚሁ የተሠራ ነው። ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ፀጉሩ ወደ ሮዝ ካደላ አብዝተሻልና መለስ አድርጊው። ደግሞ ለመላ ሰውነቷ አንድ ዓይነት ኪይ (አረንጓዴውን የማውጣት ሥራ) የግድ አይደለም። ክሊፑን ደርቢውና በአንዱ ላይ ፀጉሩን ብቻ በማስክ (የምትፈልጊውን ክፍል በሚከልል መስመር) ለይተሽ ለስላሳ ኪይ ስጪው፤ ለቀረው አካል ጠንከር ያለ። ልፋት አለው፣ ግን ውጤቱን ስታዪ አይቆጭሽም።

ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ምክንያቱ ቀረጻው ነው። ብዙ ካሜራዎች በ4:2:0 ይቀርጻሉ። ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲመዘገብ ቀለሙ ለ4 ፒክስል አንዴ ብቻ ይመዘገባል። ኪይ ደግሞ የሚሠራው በቀለም ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ካሜራው ቀለሙን ለ2 ፒክስል አንዴ የሚመዘግበው 4:2:2 ካለው እሱን ምረጪ፤ ተዋናይዋንም ከመጋረጃው 2 ወይም 3 ሜትር አርቂያት። ርቀት ብቻውን ብዙ ስፒል ይቀንሳል።

ወደ እሳቱ ልምጣ። ይሄኛው በጣም የምወደው ሥራ ነው። እሳቱ ጥቁር ዳራ ላይ የተቀረጸ ከሆነ ብሌንድ ሞዱን (ምስሉ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) «ስክሪን» ስታደርጊው ጥቁሩ ይጠፋል። ይህን አድርገሽው ይሆናል። የጎደለሽ ሌላ ነው፦ ከኋላዋ ቤት እየነደደ እሷን ግን አንዲት የእሳት ብርሃን አልነካቻትም። ክሊፗን ደርቢ፣ ቅጂውን ወደ ብርቱካናማ ውሰጂና አብሪው፤ ከዚያ የፀጉሯንና የትከሻዋን ዳር ብቻ በማስክ አስቀሪ። የማስኩን «ፌዘር» (የጠርዙን ልስላሴ) ከፍ አድርጊው። እሳት ይንቦገቦጋልና የቅጂውን «ኦፓሲቲ» (ድፍንነት) በኪፍሬም፣ ማለትም በየቅጽበቱ የተለያየ መጠን በሚያስይዝ ምልክት፣ ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ ነበልባሉ ከፍ ሲል ትከሻዋም አብሮ ይድመቅ። በቁጥር አትሥሪው፣ እሳቱን እያየሽ ሥሪው።

ጭሱን አደራ። «ስክሪን» ማብራት እንጂ ማጥቆር አይችልም። ጥቁር ጭስ ከፈለግሽ ከነአልፋው (ዳራው ግልጽ ሆኖ) የተዘጋጀ ክሊፕ ፈልጊ።

ስትጨርሺ ከሁሉም በላይ አንድ «አድጀስትመንት ሌየር» (ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሚቀይር ባዶ ንብርብር) ጣይና ብርሃኑን እስኪያስጠላ ድረስ ጨምሪው። የእሷ ጥላና የቤቱ ጥላ እኩል ካልነጡ ጥቁራቸው አልገጠመም ማለት ነው። የእሷን አስተካክይ፣ ከዚያ ሌየሩን አጥፊው።

ጥያቄ፦ ኤፌክት በጨመርኩ ቁጥር ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል። አዲስ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የማጫወቻውን ጥራት ወደ 1/2 ወይም 1/4 አውርድ። የሚቀንሰው ስትሠራ የምታየው እንጂ ኤክስፖርት የምታደርገው አይደለም። ክሊፖችህ 4ኬ ከሆኑ ፕሮክሲ (ለሥራ ጊዜ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ሥራላቸው። የጨረስከውን ቦታ ደግሞ ታይምላይኑ ላይ ሬንደር አድርገው (ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጠው)፤ ዳቪንቺ የሚባለው ሌላ ማቀናበሪያ ላይ ከሆንክ «ሬንደር ካሽ»ን አብራ። ኪይ ስትፈትሽ ግን ጥራቱን ወደ ሙሉ መልሰው፤ በ1/4 የፀጉር ጠርዝ አይታይም።