ሐምሌን ተወው፣ ጥቅምት ላይ ውረድ

ወንድሜ፣ «ሐምሌ ላይ ቦርከና ወንዝ ወርጄ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ) አሳ ባጠምድ ያዋጣል ወይ?» ላልከው፣ በኔ እምነት አያዋጣም። ቪዲዮ ላይ የምታየው የፈረንጆቹ በጋ ነው፤ ወንዙ ጎድሎ የሚጠራበት። የኛ ሐምሌና ነሐሴ ግን ደራሽ ነው። ውሃው ይደፈርሳል፣ አሳው ዝንቧን አያያትም። አንተ ያለህበት ሳይዘንብ ተራራው ላይ የዘነበው ድንገት ሊመጣብህ ይችላል።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውሃው ይጠራል። ያኔ ችግሩ አሳው አንተን ማየቱ ነው። አሳ ምግቡ ከወንዙ ላይኛው በኩል ስለሚመጣለት ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ይቆማል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው ቅረብ። ጎንበስ በል፣ ጥላህ ውሃው ላይ እንዳያርፍ። ዝንቧ የምትታሰርበት ቀጭን ክር ረዘም ይበል፤ ወፍራሙ ክር አሳው አናት ላይ ካረፈ አለቀ፣ በርግጎ ይሄዳል። ከድንጋይ ጀርባ ውሃው ዝግ የሚልበትን ጥግ ሞክር።

ትራውት የሚባለውን የአሳ ዓይነት እዚህ አትጠብቅ፣ እሱ የሚገኘው ባሌ ተራሮች አካባቢ ነው። ለልምምድ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ብትሄድ ደስ ይለኛል፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቆሮሶም (ቲላፒያ አሳ) አለ።

ከኮምቦልቻ በታች ያጠመድከውን ግን እባክህ አትብላ። የፋብሪካ ፍሳሽ በገባሮቹ በኩል ቦርከና ይገባል።