መልስ፦ የአካባቢ መስተዳድር ሥልጣን ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጽፎ እያለ እንዴት ይነጠቃል?

«የአካባቢ መስተዳድር በሕገ መንግሥቱ ከታወቀ፣ የበላዩ መንግሥት ሥልጣኑን በተራ ሕግ እንዴት ይወስድበታል?» ላልከው፦ ስሙ መጠቀሱና ሥልጣኑ መጠበቁ ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ ሥልጣኑን የሚሰጠውን አንቀጽ ግስ ተመልከት። ሕንድ በ1992 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባጸደቀችው 73ኛ ማሻሻያ ለገጠር ምክር ቤቶች 29 ጉዳዮችን ዘርዝራለች። አንቀጹ የሚለው ግን የክልሉ ሕግ አውጪ ሥልጣኑን «ሊሰጥ ይችላል» ነው። ዝርዝሩ ቢረዝምም ቁልፉ ክልሉ እጅ ቀረ።

የደቡብ አፍሪካው የ1996 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 156 ሥልጣኑን በቀጥታ ለማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣል፤ አንቀጽ 151(4) ደግሞ የበላዮቹ እንዳያደናቅፉት ይከለክላል። ይህ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። የጆሃንስበርግ ከተማ፣ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ይፈቅድ የነበረውን የክፍለ ሀገር ትሪቡናል (ውሳኔ ሰጪ ጉባኤ) ተከራክሮ በ2010 ረታ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ለትሪቡናሉ ይህን ሥልጣን የሰጡትን የሕጉን ምዕራፎች ሻረ። ውሳኔው የከተማ ፕላን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው የሚል ነበር። ክፍተት እንዳይፈጠር ግን ሽረቱ ለ24 ወር ታግዶ ቆየ።

ጀርመን ውስጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28(2) የማዘጋጃ ቤቱን ሥልጣን የሚያውቀው «በሕግ ወሰን ውስጥ» ብሎ ስለሆነ ሕግ ሊያጠበው ይችላል። ሆኖም ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የሕገ መንግሥት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ለእኔ ትልቁ መከላከያ ይሄ ነው፤ ከሳሽ የሌለው መብት ማንም ይረግጠዋል።

ገንዘቡንም አትርሳ። መስተዳድሩ የራሱ ግብር ከሌለው ሥልጣኑን መንጠቅ እንኳ አያስፈልግም፤ በጀቱን ማዘግየት ይበቃል። በመጨረሻ የበላዩ መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ የሚፈቅደውን አንቀጽ አንብብ፤ ምክንያቱና የጊዜ ገደቡ ካልተጻፈ፣ ምክር ቤት መበተን የፖለቲካ መቀጫ ይሆናል።